አሞ፣ ልቡናና ሕማም፦ የአንድ አፍሪካዊ ፈላስፋ የመምህርነት ዘመን በጀርመን

በኤፕሪል 1734 በጀርመን አገር በቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር በላቲን የጻፈውን አጭር ድርሳን ይዞ ለክርክር በሊቃውንት ፊት ቀረበ። የድርሳኑ ፍሬ ነገር የሰው ልቡና በራሱ ስሜት የለውም፣ ብርድና ሙቀት፣ ሥቃይና ድሎት የሚሰማው ሕያው ሥጋ ነው የሚል ነበር። መምህሩ በድርሳኑ የፊት ገጽ ላይ አንቶኒየስ ጊልየልመስ አሞ ብሎ ስሙን ካሰፈረ በኋላ የጊኒ አፍሪካዊ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አክሎበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሞን የመምህርነት ዘመን በአጭሩ መተረክ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለውን ክርክሩን ከአማርኛና ከግዕዝ አነጋገር ጋር እያስተያዩ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አሞ የተጻፉትን ጽሑፎች ሳነብ ደጋግሜ ያስተዋልሁት ነገር አለ። አብዛኞቹ የሚነግሩን ሰውየው ምን እንደነበረ ነው እንጂ ምን እንዳለ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ጥቁር መገኘቱ የሚፈጥረው መደነቅ ክርክሩን ይጋርደዋል። እንዲህ ያለው ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ላይ ከተጻፈው አብዛኛው የደራሲውን ማንነት የሚመለከት ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ሙግቱ አልበረደም። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን አልክድም። ይሁንና ሐተታው ስለ ብርሃነ ልቡና የሚለውን ሳይመረምሩ ስለ ደራሲነቱ ብቻ ተከራክረው የሚለያዩ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአሞን ሕይወት በፍጥነት አልፌ በክርክሩ ላይ እቆያለሁ።

አሞ የተወለደው በ1703 ገደማ በዛሬዋ ጋና ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በአክሲም አካባቢ ነው። ገና የአራት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ በደች የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ወደ አምስተርዳም ተወሰደ፤ ከዚያም የብራውንሽቫይግ-ቮልፈንቡተል መስፍን ለነበረው ለአንቶን ኡልሪኽ ተሰጠ። የተወሰደው በባርነት ነው ወይስ ቄስ እንዲሆን ለትምህርት ተልኮ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ግን «ተሰጠ» የሚለው ግሥ ራሱ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፤ ለትምህርት የሚላክ ልጅ ለመምህር አደራ ይባላል እንጂ ለመስፍን በስጦታ አይቀርብም። በሳልትስዳሉም ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ክርስትና ሲነሣ አንቶን የሚለው ስም ከመስፍኑ፣ ቪልሄልም የሚለው ከመስፍኑ ልጅ ከአውጉስት ቪልሄልም ተወሰደለት። አሞ የሚለውን የትውልድ ስሙን ግን እስከ መጨረሻ አልተወውም። (በላቲን «አሞ» ማለት «አፈቅራለሁ» ማለት ነው፤ አብረውት ላቲን የተማሩ ልጆች ሳይቀልዱበት የቀሩ አይመስለኝም።)

ያደገበት የቮልፈንቡተል ቤተ መንግሥት በመጻሕፍት የታወቀ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እስከ 1716 ድረስ ታላቁ ፈላስፋ ላይብኒትዝ ነበር። አሞ በ1727 በሃለ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ትምህርት ተመዘገበ። ሃለ በዚያን ጊዜ የተረጋጋ ቦታ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1723፣ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም በሃይማኖተኞቹ ፒየቲስቶች ጉትጎታ ፈላስፋውን ክርስቲያን ቮልፍን በ48 ሰዓት ውስጥ አገሩን ለቆ ካልወጣ በገመድ እንደሚሰቀል አስጠንቅቆ አባርሮት ነበር። እንግዲህ አሞ የተማረው ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ መናገር ሰውን ከሥራው ሊያስባርር፣ ብሎም በነፍሱ ሊያስፈርድበት በሚችልበት ከተማ ነው።

በ1729 በፕሮፌሰር ዮሐን ፒተር ፎን ሉደቪግ ሰብሳቢነት የመጀመሪያውን ክርክሩን አቀረበ፤ ርእሱ በአውሮፓ የሚኖሩ ጥቁሮች መብት የሚል ነበር። ጽሑፉ ጠፍቷል። የቀረው በዚያው ዓመት በኖቬምበር በሃለ ሳምንታዊ ጋዜጣ የወጣው አጭር ዘገባ ነው። በዘገባው መሠረት አሞ የአፍሪካ ነገሥታት በጥንት ዘመን በሮማ ቄሣር ሥር ሆነው የንግሥና ማረጋገጫ ይቀበሉ እንደነበር ከመጻሕፍት አስረድቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ በክርስቲያኖች የተገዙ ጥቁሮች በአውሮፓ ያላቸው ነጻነት ወይም ባርነት በሕግ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ መርምሯል። ብልሃቱ የሕግ ሰው ብልሃት ነው። ለርኅራኄ አልጮኸም፤ በተከራካሪዎቹ ዘንድ ክቡር የሆነውን የሮማን ሕግ አንሥቶ በራሳቸው ሚዛን መዘናቸው።

በዚህ አጋጣሚ ከእኛ ታሪክ ጋር ያለውን ጉርብትና ማንሣት ይገባል። ሃለ፣ ዬናና ጎታ አሞ ከመምጣቱ በፊት የግዕዝና የአማርኛ ጥናት የተጀመረባቸው አካባቢዎች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ተጉዘው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ሲያሳትም ከእሳቸው የሰማውን መሠረት አድርጎ ነው። ከሉዶልፍ ግዕዝ የተማረው ዮሐን ሃይንሪኽ ሚካኤሊስም አሞ በተመዘገበበት ጊዜ በዚያው በሃለ ፕሮፌሰር ነበር። በሁለቱ አፍሪካውያን መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በአገራቸው ተምረው፣ በአገራቸው ሊቅነት የሄዱ ሰው ናቸው፤ ጀርመኖች የጠየቋቸውም ስለ አገራቸው ነው። አሞን ስለ አገሩ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ስለ አገሩ አልጻፈም። የገባው በእነሱው ሙግት መካከል ነው።

አሞ በ1730 ወደ ቪተንበርግ ተዛውሮ በዚያው ዓመት የፍልስፍና ማስተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከፍልስፍናው ጎን ሕክምናንና የሰውነትን አሠራር ከማርቲን ጎትሄልፍ ሎሸር ተማረ። በ1733 የሳክሶኒው መስፍን ከተማዪቱን ሲጎበኝ የተማሪዎቹን ሰልፍ የመራው አሞ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ርእሰ መምህር ዮሐን ጎትፍሪድ ክራውስም ከአፍሪካ የወጡትን እነቴሬንስን፣ እነተርቱልያኖስን፣ እነአውግስጢኖስን እያነሣ በጽሑፍ አመስግኖታል። ምስጋናው ልባዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አሞ ስላቀረበው ሐሳብ ከመናገር ይልቅ አሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ከላይ ያነሣሁት ልማድ እንግዲህ የተጀመረው እሱ በሕይወት ሳለ ነው።

የ1734ቱ ድርሳን ርእስ በላቲን የሰው ልቡና «አፓቴያ» የሚል ነው። በቃሉ ትርጉም ላይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ክርክሩን እንይ።

በዚያ ዘመን የሕክምና ሊቃውንት በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። በሃለ ያስተምር የነበረው ጌኦርግ ኤርንስት ሽታል ሥጋን የምታንቀሳቅሰው፣ የምትመግበውና የምትፈውሰው ነፍስ ናት ይላል፤ በሽታ ሲገባ ነፍስ ታውቃለች፣ ትኩሳትንም የምታስነሣው ለማዳን ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍሪድሪኽ ሆፍማን ግን ሥጋ እንደ ሰዓት በራሱ ሕግ የሚሠራ መሣሪያ ነው ባይ ነው። አሞ በስም ጠቅሶ ከሚሞግታቸው አንዱ ጌኦርግ ዳኒኤል ኮሽቪትዝ የሽታልን መንገድ የተከተለ የሃለ ሐኪም ነበር። (ሽታል ራሱ የሞተው ድርሳኑ በቀረበ በወሩ ነው።) ስለዚህ ድርሳኑ በባዶ አየር ላይ የተወረወረ አልነበረም። ሐኪሙ ለማን መድኃኒት ይሰጣል? ለሥጋ ወይስ ለነፍስ? በአልጋው ላይ ተኝቶ የሚያቃስተው ማን ነው?

አሞ የሚነሣው ከትርጓሜ ነው። መንፈስ የሚባለው ሁሉ ግዙፍ ያልሆነ፣ ሁልጊዜ በራሱ የሚያስተውል፣ አስቦና ዓላማ ይዞ የሚሠራ፣ በጠቅላላው ሠሪ እንጂ ተሠሪ ያልሆነ ባሕርይ ነው። የሰው ልቡናም ከዚህ ወገን ነው። መሰማት ማለት ደግሞ በፊታችን ያሉት ግዙፋን ነገሮች በሕዋሳታችን ላይ አንድ ነገር ሲያደርሱ መቀበል ነው። አንድ ነገር ከሌላው ሊቀበል የሚችለው በሦስት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ የሌላው አንዳች ነገር ሲተላለፍበት፣ ወይ ሌላው ሰርጾ ሲገባበት፣ ወይ ሲነካው። ግዙፍ ያልሆነ ነገር ደግሞ አይነካም፣ አይሰረጽበትም፣ ክፍልም የለውምና አይተላለፍበትም። እንግዲያስ ልቡና አይሰማውም። ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ ይበልጥ ሐኪማዊ ነው። የሚሰማው ሁሉ ሕያው ነው፣ ሕያው የሆነው ይመገባል፣ የሚመገበው ያድጋል፣ የሚያድገው በመጨረሻ ይፈርሳል። ልቡና ይሰማዋል የሚል ሰው ልቡናም ይፈርሳል ለማለት ይገደዳል።

የክርክሩ ስለት ያረፈው በዴካርት ላይ ነው። ዴካርት የልቡና ባሕርይ ማሰብ ብቻ ነው ብሎ ሲያበቃ፣ በሜይ 1643 ለልዕልት ኤልሳቤጥ በጻፈው ደብዳቤ ነፍስ ከሥጋ ጋር በመዋሐዷ ከሥጋ ጋር ትሠራለች፣ ከሥጋም ጋር ትቀበላለች ብሏል። ልዕልቲቱ ግዙፍ ያልሆነች ነፍስ ግዙፉን ሥጋ እንዴት ታንቀሳቅሰዋለች ብላ ፈላስፋውን ክፉኛ አስጨንቃዋለች። አሞ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ሥጋስ በነፍስ ላይ አንድ ነገር እንዴት ያደርሳል? ሁለቱን የዴካርት አነጋገሮች ጎን ለጎን አቁሞ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ይላል። መልሱም ቆራጥ ነው፤ መቀበልን ሁሉ ከልቡና አንሥቶ ለሥጋ ሰጠው። ከዴካርት ይበልጥ ዴካርታዊ ሆነ ማለት ይቻላል፤ መምህሩ የጀመረውን መለያየት እስከ መጨረሻው ገፋበት።

በቀጣዩ ወር፣ በሜይ 1734፣ አሞ ራሱ ሰብሳቢ ሆኖ ተማሪው ዮሐንስ ቴዎዶስዮስ ማይነር ለልቡናና ለሥጋ የሚገቡትን ነገሮች ለይቶ የሚያሳይ ድርሳን ተከራከረበት። በዚያ ዘመን ልማድ ተማሪው የሚከላከለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሰብሳቢው ሐሳብ ነው። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አስቸጋሪ አይሆንም፤ ተማሪው በጉባኤ ሲናገር የሚመዘነው መምህሩም ጭምር ነው።

የክርክሩ ደካማ ጎን የሚታየው ይህን ሁሉ ከተቀበልን በኋላ ነው። ልቡና ካልተሰማው፣ ሥጋ መቃጠሉን በምን ያውቃል? አሞ ሐሳብ የሚባለው ልቡና አስቀድሞ በሕዋሳት የተገኘውን ነገር ለራሱ መልሶ የሚያቀርብበት ሥራ ነው ይላል። ማቅረብ ሥራ ነውና ልቡና አሁንም ሠሪ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን የሚያቀርበውን ከየት አገኘው? በሥጋና በልቡና መካከል ያለውን ወንዝ አሞ ድልድይ ሳይሠራ ተሻግሮታል ባይ ነኝ። ይህን ስል እሱን ለማሳነስ አይደለም። ከእሱ በፊት ላይብኒትዝ፣ ከእሱ በኋላም ብዙዎች በዚሁ ወንዝ ዳር ቆመዋል፤ ሥቃይ በሰውነት ውስጥ የሚፈጸም ነገር ብቻ ከሆነ ለምን ያምማል የሚለው ጥያቄ ዛሬም የአእምሮ ፍልስፍና መምህራን መተዳደሪያ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋ ልሻገር። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ (1931–2022) በአሞ ላይ ሲጽፉ አንድ ማራኪ ሐሳብ አንሥተዋል። በአካን ቋንቋ «አድዌኔ» የሚባለው ልቡና የማሰብ ነገር ብቻ ነው፤ መሰማት በእሱ ውስጥ አይቆጠርም። የአክሲም አካባቢ ሕዝብ የሚናገረው ንዜማ ከአካን ጋር ዘመድ ነው። ታዲያ አሞ ልቡና አይሰማውም ሲል ከእናቱ ቋንቋ የቀረ አሻራ ይኖርበት ይሆን? ሐሳቡ ልብን ይነካል፤ አሞን ወደ አገሩ ይመልሰዋልና። በእኔ በኩል ግን ከመቀበሌ በፊት በራሴ ቋንቋ ልፈትነው ፈለግሁ።

የአማርኛ ግሦች ለጊዜው የአሞ ወገን ይመስላሉ። አመመኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ደከመኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «እኔ» ባለቤት አይደለሁም፤ ተሳቢ ነኝ። ሰውነትን ሲያሳክክ «በላኝ» እስከማለት እንደርሳለን፤ የበላኝ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሲያስቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሰብሁ፣ አወቅሁ፣ ፈረድሁ፣ ቆረጥሁ ስል ባለቤቱ እኔ ነኝ። በአንድ ወገን የሚደርስብን፣ በሌላ ወገን የምንሠራው ተለይቶ ተቀምጧል። ስሜት የሚለው ስም ራሱ ሰማ ከሚለው የወጣ ነው፤ ተሰማኝ ስንል አንድ ነገር ወደ እኛ መጥቶ ተደመጠ ማለታችን ነው። የዊሬዱን ሐሳብ ለአማርኛ ማዋል የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም የተሳካለት ይመስለዋል።

ነገር ግን ማቆም አይቻልም። በመጀመሪያ፣ አየሁ፣ ሰማሁ፣ ቀመስሁ፣ ዳሰስሁ የሚሉት የሕዋሳት ግሦች ባለቤታቸው እኔው ነኝ። አየሁና ታየኝ፣ ሰማሁና ተሰማኝ፣ አሸተትሁና ሸተተኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ አማርኛ ሕዋሳትን በአንድ በኩል ብቻ አላሰለፋቸውም። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ማስተዋልን የሚመለከት ነው። አንድ ትምህርት ስንረዳ ምን እንላለን? «ገባኝ» እንላለን። አሞ ለልቡና ከከለከላቸው ሦስት መንገዶች አንዱ ሰርጾ መግባት ነበር፤ አማርኛ ግን መረዳትን የሚጠራው በዚሁ በመግባት ነው። መሰለኝ፣ ታወሰኝ፣ ጠፋኝ፣ ተገለጸልኝ የሚሉትም የልቡና ነገሮች ሆነው ሳለ እንደ ራበኝና እንደ በረደኝ ሰውየውን ተሳቢ ያደርጉታል። ከዚህ የምረዳው የአንድ ቋንቋ ሰዋስው አንድ ፍልስፍና ብቻ እንደማይሸከም ነው። ግሦቹን የሚመርጠው ተከራካሪው ነው። ንዜማም ሆነ አካን በእነዚህ ጥንዶች ሳይፈተኑ፣ በአራት ዓመቱ ከእናቱ የተለየ ሕፃን የያዘውን ቋንቋ ለላቲን ድርሳን ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ይከብደኛል። አሞ ማስረጃዎቹን ከየት እንዳመጣ በግልጽ ጠቅሷል፤ ያመጣቸው ከሐኪሞችና ከፈላስፎች መጻሕፍት ነው።

የርእሱ አተረጓጎምም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «አፓቴያ» የግሪክ ቃል ነው፤ «ፓቶስ» የሌለበት ማለት ነው። ፓቶስ በላቲን «ፓሲዮ» ሲሆን በግዕዝ ያለ ጥርጥር «ሕማም» ነው። ሕማም መታመምም ነው፣ መከራ መቀበልም ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ስንል ስለ በሽታ አይደለም የምናወራው። ስለዚህ ግዕዝ የአሞን ሐሳብ በአንድ ግሥ ሊይዘው ይችላል፤ ልቡና «ኢየሐምም» ማለት ብቻ ይበቃል። እንዲያውም ነገረ መለኮት የተማረ አንባቢ «ሐመ» እና «ኢየሐምም» የሚሉትን ግሦች ስለ ሥጋና ስለ መለኮት ሲነገሩ ያውቃቸዋልና ነገሩ ቶሎ ይከሠትለታል። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው፤ የሐኪሞች ሙግት የነበረው በአንድ ቃል ምክንያት የሃይማኖት ሙግት መስሎ ሊታየው ይችላል።

ወደ ዛሬው አማርኛ ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። «የሰው አእምሮ አይታመምም» ብለን ብንተረጉም አንባቢው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስቅብናል፤ የአእምሮ ሕመም የሚባል ነገር አለ፣ ሐኪሙም ሆስፒታሉም ይታወቃል። «አእምሮ ስሜት የለውም» ብንል ደግሞ ጨካኝ ነው ወይም ደንዝዟል ያልን ይመስላል። አሞ ያለው ይህን አይደለም። ልቡና የደነዘዘ ነው አላለም፤ መደንዘዝም ራሱ ለሚሰማው አካል የሚነገር ነው። በዚህ ምክንያት «አእምሮ»ን ትቼ «ልቡና»ን፣ «ሕመም»ን ትቼ «ሕማም»ን መምረጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ልቡና ከልብ የወጣ በመሆኑ የሥጋ ሽታ አለበት የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ በመጻሕፍቶቻችን ልቡና ለማስተዋልና ለመምረጥ ችሎታ መጠሪያ ሆኖ ረጅም ዘመን አገልግሏል፤ አሞም ከልቡና የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የዚህን ድርሳን ምሥጢር በደራሲው ቁስል ውስጥ ይፈልጉታል። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ የተነጠቀ፣ በስጦታ የተሰጠ ሰው ልቡና አይታመምም ቢል ሌላ ምን ማለቱ ነው ይላሉ። ይህ ንባብ ለልብ ወለድ ደራሲ ያምራል። እኔ ግን አልወደውም። አንድ ጀርመናዊ ይህንኑ ድርሳን ጽፎት ቢሆን ኖሮ ስለ ልጅነቱ አንጠይቅም ነበር፤ ማስረጃው ቆሟል ወይስ ወድቋል ብለን ነበር የምንጠይቀው። አሞን ከዚህ ማሳነስ አይገባም። ሆኖም ከሕይወቱ የተረፈ አንድ ወረቀት ላይ ስደርስ እኔም እቸገራለሁ። በ1740 በዬና ከተማ በኋላ በስታቲስቲክስ ትምህርት ዝነኛ በሆነው በጎትፍሪድ አኽንቫል የማስታወሻ ደብተር ላይ አሞ በእጁ ጽፏል። የመረጠው ጥቅስ የኤፒክቴተስ ነው፤ ላይቀር የመጣውን ነገር ተቀብሎ መኖርን የሚያወድስ ነው። ኤፒክቴተስ ደግሞ «አፓቴያ»ን ለሰው ልጅ ግብ ካደረጉት ከስቶይኮች ወገን የሆነ፣ ባሪያ የነበረ ፈላስፋ ነው። ድርሳኑን በዚህ ጥቅስ ልተረጉመው አልፈልግም፤ ጥቅሱን ግን ማለፍ አልተቻለኝም።

የቀረው የመምህርነት ዘመኑ ቁልቁል የሄደ ነው። በ1736 ወደ ሃለ ተመልሶ አስተማረ፤ በ1738 በጨዋነትና በጥንቃቄ የመፈላሰፍን ጥበብ የሚመለከተውን ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ስለ ሐሳብ አመጣጥ፣ ስለ አስተውሎና ስለ ጭፍን ግምት በሰፊው ይጽፋል። በ1739 ወደ ዬና ሄዶ እንደገና ለማስተማር ፈቃድ ጠየቀ። እነዚህን ዝውውሮች ሲያዩ የሚረዱት ነገር ቢኖር ቋሚ ወንበር ያልነበረው መምህር መሆኑን ነው። ያሳደጉት መሳፍንት አንድ በአንድ አልፈዋል፤ አንቶን ኡልሪኽ በ1714፣ አውጉስት ቪልሄልም በ1731፣ ሉድቪግ ሩዶልፍ በ1735 ሞቱ። የሃለው ደጋፊው ሉደቪግም በ1743 ሞተ። በ1747 ደግሞ ዮሐን ኤርንስት ፊሊፒ የሚባል ገጣሚ አሞ አንዲት ጀርመናዊት አፍቅሮ እንደተናቀ አድርጎ የሚያላግጥ ግጥም አሳተመ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ከመድረክ ላይ ስለ ልቡና የተናገረን መምህር ከተማው የመለሰለት በመልኩ ነው።

አሞ ከዚህ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። በ1750ዎቹ መጀመሪያ የመርከብ ሐኪሙ ዳቪድ አንሪ ጋላንዳ በአክሲም አግኝቶታል። በ1782 በታተመው ማስታወሻ እንደተገለጸው አሞ ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ነበር፤ እንደ ባሕታዊ ብቻውን ይኖር ነበር፤ ሕዝቡም እንደ ጠንቋይ ይፈራውና ያከብረው ነበር። አባቱና እኅቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከዚያ የአራት ቀን መንገድ ርቀው ይኖሩ ነበር። አንድ ወንድም ነበረው፤ በሱሪናም ባሪያ ነበር። አሞ በኋላ ሻማ ወደሚባለው የደቾች ምሽግ ሄደ፤ መቃብሩም በዚያው ይገኛል።

የወንድሙን ነገር ጋላንዳ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፈው። ከአንድ እናት ቤት የወጡ ሁለት ልጆች አንዱ በሃለ የጥቁሮችን መብት ከሮማ ሕግ ጠቅሶ ሲከራከር ሌላው በሱሪናም እርሻ ላይ ነበር ማለት ነው። የ1729ኙ ጽሑፍ መጥፋት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አሞ መታሰቢያ ብዙ አልልም። ብሉመንባኽ በ1787፣ አቤ ግሬጓር በ1808 ጠቀሱት፤ የጥቁርን ሰው ችሎታ ለማስረዳት ነበር የፈለጉት። የሃለው የቤተ መጻሕፍት ሰው ቮልፍራም ዙኺየር በ1916 ሰነዶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ክዋሜ ንክሩማ በ1964 ባሳተሙት «ኮንሽየንሲዝም» በተሰኘው የፍልስፍና መጽሐፋቸው ውስጥ አሞን አንሥተው፣ ልቡናን ሠሪ ብቻ አድርገው ሲያበቁ መልሰው ተቀባይ የሚያደርጉትን ፈላስፎች ለመሞገት ተጠቅመውበታል። ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ስሙን ሳይሆን ክርክሩን ነው ለሥራ ያዋሉት። የቤኒኑ ፈላስፋ ፖሊን ሁንቶንጂ በ1970 በጻፉት ድርሰት ደግሞ የአሞ ሥራ አድራሻው አውሮፓዊ አንባቢ ነበር፣ ይህም የግሉ ሳይሆን የዘመኑ ጣጣ ነው የሚል ብርቱ ሐሳብ አቅርበዋል። በበርሊን ለረጅም ዘመን ጥቁሮችን በሚያንቋሽሽ ቃል ይጠራ የነበረ ጎዳና በእሱ ስም እንዲጠራ በ2020 ተወስኖ፣ ከብዙ የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ2025 ስሙ ተለውጧል።

የላቲኑን ጽሑፍ ለማየት ለሚፈልግ፣ የ1734ቱ ሁለት ድርሳናት በ2020 በስቴፈን ሜንና በጀስቲን ስሚዝ አዘጋጅነት ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ታትመዋል። ለአማርኛ ትርጉም ልምምድ የምመክረው ከመጀመሪያው ድርሳን ሦስቱ የመቀበያ መንገዶች የተዘረዘሩበትን ክፍል ነው፤ መተላለፍ፣ መስረጽ፣ መነካት። ተማሪው እነዚህን ሦስት ግሦች ሲተረጉም «ገባኝ» የሚለውን የዕለት ቃሉን የት እንደሚያደርገው መወሰን ይኖርበታል።